የቮልስ በር አልገጥም ሲል

ጎንደር ውስጥ አሮጌ ቮልስ ለማደስ ከተነሳችሁ የምትሰሙት ምክር አንድ ነው፤ «ባትላሜራ ጋ ውሰደው፣ ቀጥቅጦ ያስተካክልልሃል።» እኔም ሰምቼ ወሰድኩት። በሩ ተቀጠቀጠ፣ ስቱኮ (ጎድጓዳውን የሚሞላው ልጥፍ) ተለጠፈበት፣ ቀለም ተቀባ። ሁለት ወር ሳይሞላ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ስወጣ ስቱኮው ከጠርዙ መርገፍ ጀመረ፤ በሩም እንደ ድሮው ተንጋደደ። ለካ የበሩ ላሜራ ምንም አላጠፋም ነበር።

መዶሻ ከማንሳታችሁ በፊት መኪናውን ለጥ ያለ ቦታ በአራቱም ጎማ አቁሙት። ክሪክ ላይ ሆኖ የተለካ የበሩና የአካሉ ክፍተት መሬት ሲወርድ ይለወጣል። (ጎንደር ላይ ለጥ ያለ ቦታ ማግኘት ራሱ ሥራ ነው። እኔ ወለሉን የለካሁት ግንበኞች የሚጠቀሙበትን ውሃ የተሞላ ቱቦ ተውሼ ነው።) ከዚያ 4 ሚሊ ሜትር ፑንታ (የመሰርሰሪያ ብረት) ውሰዱና ለስላሳ ጫፉን በበሩ ዙሪያ አስኪዱት። የሚይዝበትንና የሚላወስበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት አድርጉ።

በሩ ካልተነሳ አይዘጋም?

ግማሽ ክፈቱት፣ ጫፉን ያዙና ወደ ላይ አንሱት። ሌላ ሰው ማጠፊያውን ይይላችሁ። ማጠፊያው ባለበት ቆሞ በሩ ብቻ ከፍ ዝቅ ካለ ፒኑ ተበልቷል፤ ፒን ይቀየራል። ማጠፊያው ራሱ በሩ ከተሰቀለበት ምሰሶ ላይ ከተንቀሳቀሰ ብሎኖቹ ላልተዋል፣ ወይም ምሰሶው ዝጓል። የቮልስ የማጠፊያ ብሎኖች ባለ መስቀል ናቸው፤ በተራ ካቻቢቴ ከታገላችኋቸው ጭንቅላታቸው ይበላል። ዘይት ጠጥተው ይደሩ፤ በማግስቱ በመዶሻ እየተመታ በሚዞረው ካቻቢቴ ይፈታሉ። በሩን ስታስተካክሉ ከበሩ ኋላ ባለው ምሰሶ ላይ ያለውን የቁልፍ መያዣ ብረት አስቀድማችሁ ፍቱት። እሱ በሩን እያነሳ ስለሚዘጋው ያታልላችኋል።

ማጠፊያው ደህና ሆኖ ክፍተቱ አንድ ጥግ ላይ ጠቦ ሌላው ላይ ከሰፋስ?

እዚህ ጋ ቀስ በሉ። የኔም ችግር ይኸው ነበር። የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው፤ ያሞቀው አየር ወደ ፊት የሚመጣው ከበሮቹ ስር በግራና በቀኝ በሚሄዱ ሳጥን መሰል ላሜራዎች ውስጥ ነው። እነዚሁ ላሜራዎች የመኪናው ወገብም ናቸው። ከውስጥ በዝገት ሲበሉ ከውጭ ቀለማቸው ያምራል፤ ወገቡ ግን ይታጠፋል፣ የበሩ ቀዳዳም ይጣመማል። ለማረጋገጥ መሃሉን በክሪክ በጥቂቱ አንሱና ክፍተቱን እዩ። ከተንቀሳቀሰ አካሉ እየታጠፈ ነው። ካቻቢቴም ከስር ወጋ አድርጉበት፤ ከገባ ነገሩ አበቃ።

መፍትሄው አሮጌውን ቆርጦ አዲስ መበየድ ነው። ግን ከመቁረጣችሁ በፊት የበሩን ቀዳዳ ከምሰሶ ምሰሶ በብረት ደግፋችሁ በይዱት። ሁለቱን ጎን ባንድ ጊዜ አትቁረጡ። አዲሱን መጀመሪያ በነጥብ ብቻ አያይዙት፤ አካሉ ከመኪናው ወለል ጋር በቡሎን ይታሰር፣ በሩ ይሰቀል፣ ፑንታው ዙሪያውን ይሂድ። ሙሉ ብየዳው ከዚያ በኋላ ነው። ያለ ድጋፍ ከተበየደ ጥመቱን ለዘላለም አሰራችሁት ማለት ነው። ወጪው ያማል፣ አልዋሽም።

ክፍተቱ እኩል ሆኖ በሩ ወደ ውጭ ከወጣ አዲሱ ጎሚኒ (የበሩ ዙሪያ ላስቲክ) ወፍሮ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ያለ ጎሚኒ አስተካክሉ።

የፊቱ ኮፈን ወደ አንድ ጎን ካደላ ቡሎኖቹን አላሉ፤ ቀዳዳቸው ረዘም ያለ ስለሆነ ይገፋል። ፓራፋንጎም (የጎማው መሸፈኛ) በቡሎን የታሰረ ነው፤ ሁሉንም አላልታችሁ ከመሃል ጀምራችሁ አጥብቁ። (ባትላሜራ፣ ኮፈን፣ ፓራፋንጎ፣ ስቱኮ... የጋራዡ ቋንቋ እንደ ፒያሳው ሕንፃ ከጣሊያን የቀረ ነው።)

ቀለምም ውፍረት አለው። በሩ ጠርዝ ላይ ተደራርቦ ሲቀባ ክፍተቱን ያጠባል፤ ስለዚህ ከመቀባቱ በፊት ትንሽ ሰፋ አድርጉት። እኔ ይህን ረስቼ የግራው በር ላይኛው ጥግ ላይ ፑንታዬ አሁንም ይይዛል።