በሰው መሃል አርፒጂ ስትጫወቱ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አርፒጂ፣ ማለትም ገጸ ባሕርይ እያሳደጋችሁ አንድን ታሪክ የምትከተሉበት ጌም፣ ከሌላው የስልክ ጌም የሚለየው ቶሎ አለማለቁ ነው። ለወራት አብሯችሁ ይቆያል። አንድ ውጊያ ብቻውን አስር ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል። እኔ የምወደውም ለዚሁ ነው። ግን ስልክ ላይ ስላለ የምንጫወተው ቤት ብቻ አይደለም። ባስ ውስጥ ነው፣ ሰልፍ ላይ ነው፣ ተራ ስንጠብቅ ነው፣ አንዳንዴም ሰው እያናገረን ነው። ጌሙ የራሱ ሰዓት አለው፣ ያለንበትም ቦታ የራሱ ሰዓት አለው፤ ሁለቱ ሲጋጩ ብዙውን ጊዜ የሚቸገረው አጠገባችን ያለው ሰው ነው። ስለዚህ ውጭ ጌም ከመክፈቴ በፊት ራሴን አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ አሁን ብጠራ ወዲያው ላቋርጠው እችላለሁ? ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ይህንን ካለመጠየቅ ነው።

የማይቋረጥ ነገር መጀመር

ትልቁ ስህተት ይሄ ስለሆነ እሱን ላስቀድም። ተራ የሚጠብቅ ሰው አስቡ። ቦሱ፣ ማለትም ትልቁ ጠላት፣ ሊሞት ትንሽ ቀርቶታል፣ ቀዩ የሕይወቱ መስመር ጫፉ ላይ ደርሷል፣ የሰውየው አውራ ጣቶች ስክሪኑ ላይ ይራወጣሉ። ስሙ ተጠራ። «አንዴ፣ አንዴ» ይላል ቀና ሳይል። ደግሞ ተጠራ። መስኮቱ ጋ ያለችው ሠራተኛ ትጠብቃለች፣ ከኋላው ያሉት ሁሉ ይጠብቃሉ፣ እሱም በመጨረሻ ግማሽ ልቡን ስልኩ ላይ ጥሎ ይነሳና የተጠየቀውን ወረቀት ፍለጋ ኪሱን መበርበር ይጀምራል። ቦሱም አመለጠ፣ ጉዳዩም በወጉ አላለቀም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ቤት የሚሠራውንና ውጭ የሚሠራውን ለዩ። ቦስ፣ ከሌሎች ተጫዋቾች ጋር የሚገባበት ዘመቻ፣ ረጅም የታሪክ ትዕይንት ቤት ይቆዩ። በተለይ ዘመቻ መሃል ጥላችሁ ከወጣችሁ የምትጎዱት እናንተ ብቻ አይደላችሁም፤ አብረዋችሁ የገቡትም ይሸነፋሉ። ውጭ ስትሆኑ ቦርሳ አስተካክሉ፣ መሣሪያ አሳድጉ፣ የዕለት ተልዕኮ ጨርሱ።

የጌሙ ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ገንሺን ኢምፓክት ውጊያው ተራ አይጠብቅም፤ እጃችሁን ካነሳችሁ ጠላት ይመታችኋል። በ2023 የወጣው ሆንካይ ስታር ሬል ግን ተራ በተራ ነው፤ ተራችሁ ሲደርስ እስክትመርጡ ድረስ ጠላት ቆሞ ይጠብቃችኋል። የሠራቸው ያው አንድ ኩባንያ ነው፣ ለባስ የሚሆነው ግን ሁለተኛው ነው።

ደግሞ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ፤ ጌሙን ትቶ መውጣት ሴቭ ማድረግ አይደለም። ስልኩ ሜሞሪ ሲያጥረው ከጀርባ ያለውን አፕ ራሱ ይዘጋዋል። ካሜራ ከፍታችሁ፣ ካርታ አይታችሁ፣ ስልክ አናግራችሁ ስትመለሱ ጌሙ ከመጀመሪያው ሲነሳ ታገኙታላችሁ። እንደ ድራጎን ኩዌስት (1986) እና ፋይናል ፋንታሲ (1987) ያሉት የድሮ ጌሞች መጀመሪያ ሲሠሩ ተጫዋቹ የተወሰነ ቦታ ደርሶ ሴቭ እንዲያደርግ ወይም የመቀጠያ የይለፍ ቃል እንዲወስድ ነበር የታሰበው። የስልክ እትሞቻቸው በየትኛውም ቦታ ባይሆን እንኳ በብዙው ቦታ ፈጠን ብላችሁ ሴቭ እንድታደርጉ ይፈቅዳሉ። ያቺን ቁልፍ ጌሙን በጫናችሁበት ቀን ፈልጋችሁ እወቋት፣ የምትወርዱበት ፌርማታ ላይ ደርሳችሁ አትፈልጓት።

ድምፅ

ኢርፎን ከሌላችሁ ድምፁን ዝጉ። ዝቅ ማድረግ ሳይሆን መዝጋት። የአርፒጂ የውጊያ ሙዚቃ አጭር ነው፣ እየተደጋገመም ይመጣል። ለእናንተ ከውጊያው ጋር ስለሚሄድ አይታወቃችሁም። ስክሪኑን የማያየው ጎረቤታችሁ ግን የሚደርሰው ያችው አንድ ዜማ ናት፣ ደግሞ ደጋግማ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። በአንድሮይድ ስልኮች የጥሪ ድምፅና የሚዲያ ድምፅ ይለያያሉ። ስልኩን ሳይለንት አድርጌዋለሁ ብላችሁ ጌሙን ስትከፍቱ የመግቢያው ሙዚቃ ቤቱን ያናውጠዋል። የሚዲያውን ድምፅ ለብቻው ቀንሱ። ሁለተኛው ገመድ አልባ ኢርፎን ነው። ባትሪው ሲያልቅ ወይም ሲቋረጥ ሙዚቃ ማጫወቻ ብዙ ጊዜ ራሱ ይቆማል፣ ጌም ግን አይቆምም፣ በስፒከር ይቀጥላል። ጸጥ ያለ ቦታ ከሆናችሁ ጌሙ ውስጥ ገብታችሁ ድምፁን ከዚያው አጥፉት።

«ጉልበቱ ሞልቷል» ሲባል መሮጥ

ብዙዎቹ የስልክ አርፒጂዎች የጉልበት ነገር አላቸው። ስትጫወቱ ይቀንሳል፣ በጊዜ ብዛት ይሞላል፣ ከሞላ በኋላ ደግሞ መጨመሩን ያቆማል። ያ ማቆሙ ነው ሰውን ዕረፍት የሚነሳው፤ «እየባከነብኝ ነው» ያስብላል። ከዚያ ስብሰባ ላይም፣ ምግብ ቀርቦም፣ ሰው እያለቀሰ እያጫወተንም ስልኩ ይወጣል።

ቁጥሩን አስሉት እስቲ። በገንሺን ጉልበቱ ሬዚን ይባላል፤ አንዱ የሚመለሰው በ8 ደቂቃ ነው። ጣሪያው በ2024 ከ160 ወደ 200 ከፍ ብሏል። ከባዶ ተነስቶ እስኪሞላ 1600 ደቂቃ፣ ማለትም 26 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይፈጅበታል። በቀን አንድ ጊዜ፣ ማታ ቤት ገብታችሁ ብትከፍቱት አንዲትም አትባክንም! የምትጫወቱት ሌላ ጌም ከሆነም ይህችን ሒሳብ አንዴ ሥሩ፤ አንዱ በስንት ደቂቃ ይመለሳል፣ ጣሪያው ስንት ነው፣ አባዙት። ከዚያ የጌሙን ኖቲፊኬሽን አጥፉና የሚከፈትበትን ሰዓት እናንተ ወስኑ።

አሰልቺ ሰዓት ላይ ጋቻ መሳብ

ተራ ሲረዝም እጅ ወደ ጋቻው ይሄዳል። ገጸ ባሕርይ በዕጣ የሚወጣበት ማለቴ ነው። በገንሺን ባለ አምስት ኮከብ፣ ማለትም ከሁሉም ብርቅ የሆነ፣ ገጸ ባሕርይ የመውጣት ዕድሉ በአንድ ሙከራ 0.6 በመቶ ነው፣ ቢዘገይ ቢዘገይ በ90ኛው ሙከራ ባለ አምስት ኮከብ መውጣቱ አይቀርም። አስር ጊዜ ብትስቡ ዕድላችሁ ወደ 6 በመቶ ቢሆን ነው። ማለትም አብዛኛውን ጊዜ ባለ አምስት ኮከቡን አታገኙም። ወዲያው የምትገዙበት ቁልፍ ደግሞ እዚያው አጠገቡ አለ፣ እናንተም ተሰላችታችኋል፣ የምትጠብቁት ሰው ገና አልመጣም። ገንዘብ በብዛት የሚወጣው እንዲህ ባለ ሰዓት ነው ብዬ አምናለሁ።

ነገሩ ቀላል ስላልሆነ መንግሥታትም ኩባንያዎችም ገብተውበታል። ጃፓን በ2012 የተወሰኑ ዕቃዎችን በዕጣ ሰብስቦ ሲሟሉ ትልቅ ሽልማት የሚሰጠውን የጋቻ ዓይነት ከልክላለች። አፕል ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ በገንዘብ የሚሸጥ ዕጣ ያለው ጌም የዕድሉን መጠን በግልጽ እንዲያሳይ ያስገድዳል። ቤልጂየም በ2018 በአንዳንድ ጌሞች ውስጥ ያሉትን በገንዘብ የሚከፈቱ የዕጣ ሳጥኖች ቁማር ናቸው ብላለች። ስለዚህ የዕድሉ መጠን ጌሙ ውስጥ አለ፤ ከመሳባችሁ በፊት አንብቡት።

በወር ስንት እንደምታወጡ ቤት ሆናችሁ ወስኑ። ለእያንዳንዱ ግዢ ፓስወርድ እንዲጠይቅ አድርጉ፤ በተለይ ልጅ ዝም ይበል ብላችሁ ስልኩን የምትሰጡት ከሆነ። ሰው ተደራርቦ በቆመበት ደግሞ ጭራሽ አትክፈሉ። የምስጢር ቁጥር በትከሻችሁ አሻግሮ ለሚያይ ሰው ከአራት ጣት ንክኪ አይበልጥም።

እየሄዱ መጫወት

ይሄን ማብራራት ያለብኝ አይመስለኝም፣ ግን በየቀኑ የሚታይ ነው። የአሜሪካዋ ሆኖሉሉ ከተማ ከ2017 ጀምሮ መንገድ ሲያቋርጥ ስልኩን የሚያይን ሰው ትቀጣለች። በጃፓን የያማቶ ከተማ በ2020 እየሄዱ ስልክ መጠቀምን ደንብ አውጥታ ከልክላለች። እንደ ፖኬሞን ጎ ያለ በእግር መሄድን የሚጠይቅ ጌም እንኳ ስትራመዱ ዓይናችሁን እንድትተክሉበት አያስገድድም። መጫወት ካማራችሁ ዳር ያዙና ቁሙ። ደረጃ ላይ ደግሞ መቆምም አይሆንም፣ ከኋላችሁ የሚወርድ ሰው አለ።

ክርን፣ ብርሃን፣ ካሜራ

ስልኩን አግድም ይዛችሁ በሁለት እጅ ስትጫወቱ ክርናችሁ ወደ ጎን ይወጣል። ጠባብ ወንበር ላይ የጎረቤታችሁ ጎድን ነው የሚያገኘው። ቆማችሁ ከሆነ ደግሞ ብረቱን የሚይዝ እጅ አይኖራችሁም፣ ፍሬን ሲያዝ ሰው ላይ ትወድቃላችሁ። ለውጭ የሚሆን ቀጥ ብሎ በአንድ እጅ የሚያዝ ጌም ምረጡ። ድራጎን ኩዌስት 8 በስልክ ሲወጣ ለምሳሌ ስልኩ ቆሞ እንዲያዝ ተደርጎ ነው የተሠራው፤ ትልቅ ጌም ነው፣ በአንድ አውራ ጣት ይሄዳል።

ማታ አጠገባችሁ የሚተኛ ሰው ካለ ብርሃኑን ቀንሱ። የውጊያ ብልጭታ በጨለማ ውስጥ ፊት ላይ ነው የሚያርፈው። ሌላው ብዙ ሰው የማያስበው፣ ስልኩን ቀና አድርጋችሁ ስትይዙት የኋላው ካሜራ ፊት ለፊታችሁ ያለው ሰው ላይ ያነጣጥራል። እሱ ጌም መሆኑን በምን ያውቃል? እየቀረጻችሁት ይመስለዋል። ዝቅ አድርጋችሁ ያዙት። ካሜራ የሚጠቀም ጌም ከሆነ ያንን ክፍሉን አጥፉት፣ ፖኬሞን ጎ ያለ ካሜራም ይሠራል።

ባትሪ፣ ዳታና አካውንት

በነዚህ ብዙ አልቆይም። ወደ ቤት የምትመለሱበት ትኬት፣ ካርታና ክፍያ እዚያው ስልክ ውስጥ ካለ ባትሪውን ጌም እንዲጨርሰው አትፍቀዱ። የግራፊክሱን ደረጃ ዝቅ፣ ፍሬም ሬቱን (በሰከንድ የሚታየውን የምስል ብዛት) ከ60 ወደ 30 አድርጉት፤ ልዩነቱ ባትሪው ላይ ቶሎ ይታያል። ፀሐይ ላይ ቻርጅ እየተደረገ አትጫወቱ፤ አፕል አይፎን መሥራት ያለበት ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ባለ አየር ውስጥ ነው ይላል፣ ጌምም ቻርጅም ሙቀት ይጨምራሉ።

ትልልቆቹ አርፒጂዎች ከ20 ጊጋባይት በላይ ቦታ ይይዛሉ፣ አዲስ ዝመና ሲመጣም ጊጋባይቶች ይወርዳሉ። ይህንን የሕዝብ ዋይፋይ ላይ ማውረድ ኢንተርኔቱን ለሁሉም ያዘገየዋል። ቤታችሁ አውርዱ። ከሁሉ በላይ ግን በእንግድነት ብቻ ገብታችሁ የምትጫወቱ ከሆነ ዛሬውኑ አካውንቱን ከኢሜይላችሁ ጋር አያይዙት። ስልክ በብዛት የሚጠፋው ውጭ ነው፣ የእንግዳ አካውንት ደግሞ ብዙ ጊዜ አብሮ ይጠፋል። የወራት ልፋት ነው።

«እየሰማሁሽ ነው፣ ቀጥይ»

ይሄ ከሁሉም ያሳዝነኛል። አብሮን ያለ ሰው እያወራ ዓይናችን ስክሪን ላይ፣ አፋችን «እ... እ» እያለ። ጌሙ በአውቶ፣ ማለትም ራሱ ብቻውን፣ ስለሚዋጋ ችግር የለውም እንላለን። ዓይን ግን አውቶ የለውም፤ የሚያወራው ሰው የሚያየው የኛን ዓይን ነው። ስታወሩ ስልኩን ደፍታችሁ አስቀምጡት። የግድ መጨረስ ያለባችሁ ነገር ካለ «ሁለት ደቂቃ ስጪኝ፣ ከዚያ በደንብ እሰማሻለሁ» በሉና ሁለት ደቂቃውን አክብሩ። በግማሽ ጆሮ ከመስማት ይህ በብዙ ይሻላል።

ጊልድ፣ ማለትም አብረው የሚጫወቱ ሰዎች ቡድን፣ ውስጥ ካላችሁም ለጓደኞቻችሁ መቼ እንደምትገቡ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። በድምፅ የምታወሩ ከሆነ ባስ ውስጥ ማይኩን ዝጉት፣ በጽሑፍ መልሱ። በየሰዓቱ ካልገባችሁ የሚቆጣ ጊልድ ከሆነ ደግሞ ውጡና ረጋ ያለ ፈልጉ፤ ቅዳሜና እሁድ ብቻ የሚጫወቱ ሰዎች የሰበሰቡት ጊልድ በየጌሙ አይጠፋም።