የጋላክሲ ምስሎችን ስናይና ስናብራራ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሃብልና ጄምስ ዌብ ቴሌስኮፖች የሰጡን የጋላክሲ ምስሎች በየስልኩና በየመማሪያ መጽሐፉ ይገኛሉ፤ እንዴት እንደተሠሩ ግን አብሮ የሚነገረው ጥቂት ነው። ከዚህ የተነሳ አንዱ ተመልካች ምስሉን በስልክ እንደተነሳ ፎቶ ይቆጥረዋል፤ ሌላው ደግሞ በኮምፒዩተር የተፈጠረ ሥዕል ነው ብሎ ይተወዋል። ሁለቱም ትክክል አይደሉም። ምስሉ የብርሃን ልኬት ነው፤ ልኬቱ ለዓይን እንዲታይ የሚደረግበትም የራሱ ሥርዓት አለው።

የመጀመሪያው ስህተት ቴሌስኮፑ ባለቀለም ፎቶ ያነሳል ብሎ ማሰብ ነው። በካሜራው ውስጥ ያለው የብርሃን መቀበያ በእያንዳንዱ ፒክስል ላይ ምን ያህል ብርሃን እንዳረፈ ይለካል እንጂ የብርሃኑን ቀለም አይለይም። የሚለየው ከመቀበያው ፊት የሚገባው ማጣሪያ ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ማጣሪያ የሚገኘው ምስል ጥቁርና ነጭ ነው። ለምሳሌ ሃብል እ.ኤ.አ. በ2005 ኤም 51 የተባለውን ጠመዝማዛ ጋላክሲ የተመለከተው በአራት ማጣሪያዎች ነበር። ሦስቱ የሞገድ ርዝመቱ በ435፣ በ555 እና በ814 ናኖሜትር (የሜትር ቢሊዮንኛ) አካባቢ የሆነውን ብርሃን የሚያሳልፉ ናቸው፤ አራተኛው በ658 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ጠባብ ክልል ብቻ ስለሚያሳልፍ የጋለ ሃይድሮጅን የሚያወጣውን ብርሃን ነጥሎ ያሳያል። በጋላክሲው ክንዶች ላይ ተደርድረው የሚታዩት ሮዝ ነጠብጣቦች የመጡት ከዚህ ማጣሪያ ነው፤ ቦታዎቹም አዳዲስ ከዋክብት የሚወለዱባቸው የጋዝ ደመናዎች ናቸው።

ይህን ያወቀ ሰው ወዲያው የሚወድቅበት ሁለተኛ ስህተት አለ፤ «እንግዲያው ቀለሙ ውሸት ነው» ይላል። በእኔ እይታ ከሁሉም የሚጎዳው ይህ ነው፤ ምክንያቱም አንባቢውን ከምስሉ ውስጥ ካለው እውቀት ይነጥለዋል። ባለሙያዎች በአጭሩ ሞገድ ለተገኘው ምስል ሰማያዊ፣ ለመካከለኛው አረንጓዴ፣ ለረጅሙ ቀይ ቀለም ሰጥተው ያዋህዷቸዋል። ጄምስ ዌብ የሚቀበለው ኢንፍራሬድ በአብዛኛው ዓይናችን የማያየው ብርሃን ቢሆንም፣ ይኸው ቅደም ተከተል ይጠበቃል። ዘማሪ ለድምፁ ከፍ ያለበትን ዜማ ዝቅ አድርጎ ቢጀምረው ዜማው እንደማይለወጥ ሁሉ፣ በሞገዶቹ መካከል ያለው ዝምድናም አይጠፋም። እርግጥ ነው፣ የቀለሞቹን ድምቀትና ሚዛን የሚወስነው ሰው ስለሆነ ሁለት ጠንቃቃ ባለሙያዎች ከአንድ መረጃ የተለያየ መልክ ያለው ምስል ሊያወጡ ይችላሉ፤ የማይፈቀደው ያልተለካ ነገር መጨመር ነው።

ከዚሁ ጋር የሚያያዘው ደግሞ ወደ ጋላክሲው ቀርበን ብናየው እንዲሁ ደምቆ ይታየናል የሚለው እምነት ነው። ስንቀርብ ጋላክሲው ሰፍቶ ይታያል እንጂ የገጹ ድምቀት አይጨምርም። ማስረጃው ከራሳችን በላይ አለ፤ የምንኖረው በጋላክሲ ውስጥ ሆኖ ሳለ፣ መብራት በሌለበት ገጠር እንኳ ፍኖተ ሐሊብ የሚታየን እንደ ፈዛዛ ነጭ ጭስ ነው።

ምስሉ በአንድ ጊዜ የተነሳ ነው ብሎ ማሰብም የተለመደ ነው። አንድ ያልታረመ የሃብል ምስል ቢከፈት፣ የጠፈር ጨረሮች (ከጠፈር በከፍተኛ ፍጥነት የሚመጡ ጥቃቅን ቅንጣቶች) መቀበያውን ሲመቱ የተዋቸው ነጫጭ ጭረቶችና ነጥቦች በብዛት ተበትነውበት ይታያሉ፤ በሁለቱ መቀበያ ሰሌዳዎች መካከል ያለው ክፍተትም ምስሉን እንደ ጥቁር መስመር ያቋርጠዋል። ስለዚህ ያው የሰማይ ክፍል፣ ቴሌስኮፑ በየጊዜው ጥቂት እየተዛወረ፣ ደጋግሞ ይነሳል። በአንዱ ምስል ላይ ብቻ የታየው ጭረት የጨረር ምት መሆኑ ታውቆ ይወገዳል፤ በሁሉም ላይ የሚገኘው ኮከብ ወይም ጋላክሲ ይቀራል፤ ክፍተቱም በሌሎቹ ምስሎች ይሸፈናል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1995 የተነሳው የሃብል ጥልቅ ሰማይ ምስል በዚህ መንገድ በ10 ቀናት ውስጥ ከተገኙ 342 ምስሎች የተሠራ ነው።

መረጃውን ራሳቸው ከሕዝብ ክፍት ማኅደር አውርደው የሚሠሩ ወጣቶች ሌላ ነገር ያስደነግጣቸዋል፤ ፋይሉን ሲከፍቱት ከጋላክሲው እምብርት በቀር ሁሉም ጥቁር ሆኖ ይመጣል። ፋይሉ አልተበላሸም። የእምብርቱና የክንዶቹ ድምቀት እጅግ ስለሚራራቅ፣ ስክሪን ሁለቱን በአንድ ጊዜ ሊያሳይ አይችልም፤ ስለዚህ ደብዛዛው ክፍል ከደማቁ ይልቅ ከፍ እንዲል የቁጥሮቹ ልክ ይስተካከላል። ይህ ከተደረገ በኋላ ግን በምስሉ ላይ ሁለት እጥፍ ደምቆ የሚታየው ቦታ በእውነቱ ሁለት እጥፍ ደማቅ ላይሆን ስለሚችል፣ ድምቀትን ለመለካት የሚፈልግ ሰው ወደ መጀመሪያው ፋይል መመለስ አለበት።

የሃብልንና የጄምስ ዌብን ምስሎች ጎን ለጎን አስቀምጦ «አዲሱ አሮጌውን ተካ» ማለትም ያሳስታል። በሃብል ምስል የኤም 51 አቧራ ጥቁር መስመር ሆኖ የሚታየው ለዓይን የሚታየውን ብርሃን ስለሚውጥ ነው፤ በጄምስ ዌብ የመካከለኛ ኢንፍራሬድ ምስል ያው አቧራ ራሱ ያበራል። የምስል ጥራትም በመስታወት ስፋት ብቻ አይወሰንም፤ የሞገዱ ርዝመት ሲጨምር ዝርዝሩ ይደበዝዛል። በዚህ ምክንያት 6.5 ሜትር መስታወት ያለው ጄምስ ዌብ በ7.7 ማይክሮሜትር (7,700 ናኖሜትር) ሞገድ ሲመለከት፣ 2.4 ሜትር መስታወት ያለው ሃብል ለዓይን በሚታየው ብርሃን ከሚለየው ያነሰ ዝርዝር ይለያል።

ቀይ ጋላክሲን ሁሉ እጅግ ሩቅ ነው ማለትም አይገባም። የዩኒቨርስ መስፋፋት የሩቅ ጋላክሲዎችን ብርሃን ወደ ረጅም ሞገድ ይስበዋል፤ ነገር ግን አቧራና ያረጁ ከዋክብትም ጋላክሲን ያቀላሉ። ርቀቱ በእርግጠኝነት የሚታወቀው ብርሃኑ በሞገድ ተዘርዝሮ ሲጠና ነው።

በደማቅ ከዋክብት ዙሪያ የሚታዩት ሹል ጨረሮች የኮከቡ አካል አይደሉም። በሃብል አራት የሆኑት ሁለተኛውን መስታወት በያዙት ድጋፎች ምክንያት ነው፤ በጄምስ ዌብ ስድስቱ ትልልቆች ጎልተው የሚታዩት በዋናነት ከመስታወቱ ባለስድስት ጎን ቅርጽ የተነሳ ነው። እንዲህ የሚያበራው ኮከብ አብዛኛውን ጊዜ የእኛው ጋላክሲ ነዋሪ ሆኖ ከፊት የገባ እንጂ በሚታየው ጋላክሲ ውስጥ ያለ አይደለም።

ምስልን ለሌሎች የሚያጋራ ሰው ቢያንስ የቴሌስኮፑን ስም፣ የማጣሪያዎቹን ሞገድና ለእያንዳንዳቸው የተሰጠውን ቀለም ቢጽፍ ከላይ ከተነሱት ስህተቶች ብዙዎቹ ይቀራሉ። አቅጣጫ የሚያመለክት ቀስት ካለም ቆርጦ ማውጣት አይገባም፤ ሰሜን ሁልጊዜ ወደ ላይ አይሆንም፣ ሰሜን ወደ ላይ ሲሆን ደግሞ ምሥራቅ ከካርታ በተቃራኒ በግራ በኩል ይውላል፤ ካርታ መሬትን ከላይ ወደ ታች ሲያሳይ፣ ይህ ምስል ሰማይን ከታች ወደ ላይ ያሳያልና።