ቀስቱ ላይ ጻፉበት፦ የሶፍትዌር ዲያግራም አሳሳል

ደሴ ላይ የአውቶቡስ ትኬት ሲስተም ስንሠራ መጀመሪያ የሳልኩት ዲያግራም ሁሉን አጭቆ የያዘ ነበር። አፑ፣ ሰርቨሩ፣ ዳታቤዙ፣ ክፍያው፣ ሁሉም አንድ ገጽ ላይ። ትኬት ቆራጯ አየችውና «እኔስ የታለሁ?» አለችኝ። የለችም።

ስለዚህ ከሰዎቹ ጀምሩ። ሲስተሙን በአንድ ሳጥን ብቻ መሃል ላይ ሳሉት፤ ዙሪያውን ተሳፋሪውን፣ ትኬት ቆራጯን፣ የሞባይል ክፍያውን አድርጉ። ሲ ፎር የሚባለው አሳሳል የመጀመሪያ ደረጃው ይኸው ነው። በሁለተኛው ሥዕል ሳጥኑን ከፍታችሁ አፑን፣ ሰርቨሩንና ዳታቤዙን ለየብቻ ታወጣላችሁ፣ በሦስተኛው ከነሱ አንዱን መርጣችሁ ውስጡን ታሳያላችሁ። የወሎን ካርታ ይዞ ፒያሳ ውስጥ ሱቅ የሚፈልግ የለም። አራተኛው የኮድ ደረጃ ነው፤ ቶሎ ስለሚያረጅ እኔ አልስለውም።

ሳጥኖቹን የሚያገናኙትን ቀስቶች ባዶ አትተዉ። «የትኬቱን ዋጋ እንዲቀበል ይጠይቃል» ብላችሁ ጻፉባቸው። የምትጽፉት ከጠፋችሁ ሁለቱ ምን እንደሚነጋገሩ ገና አልገባችሁም።

በጣም የጠቀመኝ ግን ሲኩዌንስ ዲያግራም ነው። ዩኤምኤል ከሚባለው የሶፍትዌር ዲያግራም መሳያ ደንብ የመጣ ነው፣ ግን አብሽሩ፣ ዩኤምኤልን ሙሉውን ማወቅ አያስፈልግም። ተሳታፊዎቹን ከላይ ደርድሩ፣ ከየሥራቸው መስመር አውርዱ፣ ጊዜው ወደ ታች ይሄዳል። ጥያቄው ደፍን መስመር፣ መልሱ የተቆራረጠ መስመር። ከዚያ እያንዳንዱ መልስ ላይ ጣታችሁን አድርጋችሁ «ይሄ ባይመጣስ?» በሉ። እኛ ጋ ገንዘቡ ተቆርጦ መልሱ በኔትወርክ መንገድ ላይ ቢቀር ተሳፋሪው «ክፈል» የሚለውን ድጋሚ ይጫናል፣ ሁለተኛም ይቆረጥበታል። ኮዱን ሳምንት ሙሉ ስናየው ያልታየንን ወረቀት ላይ በአሥር ደቂቃ አገኘነው። መፍትሔው ከክፍያው በፊት ለትኬቱ የራሱን መለያ ቁጥር መስጠት ነበር፤ ያው ቁጥር ተመልሶ ሲመጣ ሲስተሙ አዲስ ክፍያ አይጀምርም፣ የፊቱን ውጤት ይመልሳል።

መጀመሪያ በእርሳስ ሳሉ። ሲረጋ ጽሑፍን ወደ ዲያግራም በሚቀይረው በመርሜይድ ጻፉት፤ ተራ ጽሑፍ ስለሆነ ከኮዱ ጋር ጊት (የኮድ ለውጥ መዝጋቢው) ውስጥ ይቀመጣል፣ ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ ጊትሃብም ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥዕል አድርጎ ያሳየዋል። ኮዱን የለወጠ ሰው ሥዕሉንም አብሮ ይለውጥ።

አዲሱን ሥዕል ለትኬት ቆራጯ መልሼ አሳየኋት። ራሷን አገኘች፣ ትንሽ አየችውና «ሰኞ ለባቲ ገበያ ሰው ሲግተለተል መብራት ከጠፋ በደረሰኝ ነው የምቆርጠው፣ እሱስ በየት በኩል ይገባል?» አለች። ያ ቀስት አንዱም ሥዕላችን ላይ አልነበረም።