የሐር ትሎቼን ሰዓት ያስተካከለው ጨለማ ነው

ጉሎ የሚበሉት የሐር ትሎቼ ኩኩን (ራሳቸውን የሚጠቀልሉበትን የሐር ሽፋን) ለመሥራት የሚደርሱበት ሰዓት ተበታትኖ የደረሱትን ቀንም ሌሊትም ስለቅም ከረምኩ። ቅጠሉም ሙቀቱም ደህና ነበር። ችግሩ ሌሊቱን ሙሉ የሚበራው አምፖል ነው! ከመብላት ወደ ኩኩን መሥራት እንዲለወጡ የሚያነሳሳው ሆርሞን ከአንጎላቸው የሚለቀቀው በውስጣዊ ሰዓታቸው ሲሆን፣ ያንን ሰዓት የሚያስተካክለው የብርሃንና የጨለማ መፈራረቅ ነው። መብራቱ ካልጠፋ ሁሉም በየራሱ ይሄዳል።

መስኮቱን በጥቁር ጨርቅ ጋርጄ በታይመር 12 ሰዓት ብርሃን፣ 12 ሰዓት ጨለማ አደረግኩ። አምፖሉ ክፍሉንም ያሞቅ ስለነበር ብርሃን የሌለው ማሞቂያ ተካሁ፤ ይህን አትዝለሉ፣ ቅዝቃዜ ብቻውን ትሎቹን ያዘገያል።

አሁን አብዛኞቹ በተቀራራቢ ሰዓት መብላት ያቆማሉ፤ ለስላሳ፣ እርጥብ ኩስ ጥለው ወደ ጠርዝ ይሳባሉ። በጣቶቼ መሃል ቀስ አድርጌ ሳሻቸው እንደ ባዶ ነገር ድምፅ የሚሰጡትን ኩኩን ወደሚሠሩበት ደረቅ ቅጠል አዛውራለሁ። ሌሊት ማየት ካስፈለገ ደብዛዛ ቀይ መብራት ተጠቀሙ።