የድመት ሆድ ሲታመም እባካችሁ እነዚህን አታድርጉ

ሐዋሳ ውስጥ እንስሳት አክማለሁ። ድሮ የሚመጣልኝ ላም፣ ፍየልና የጋሪ ፈረስ ነበር። አሁን ድመት ይዞ የሚመጣ ሰው እየበዛ ነው፤ ደስ ይለኛል። የሚያሳዝነኝ ግን አብዛኞቹ የሚመጡት ጓዳ ያለውን ሁሉ ሞክረው ሲያበቁ ነው። ድመቷን የሚጎዳት ብዙ ጊዜ ተቅማጡ ወይም ትውከቱ ሳይሆን ለመድኃኒት ተብሎ የተሰጣት ነገር ነው።

ፓራሲታሞል መስጠት። ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው ስለዚህ ነው፤ ደግሜ ደጋግሜ ስላየሁት። አንድ ጊዜ ከታቦር በኩል አንዲት እናት ድመታቸውን በዘንቢል ይዘው መጡ። «ሆዷን አሟት ስታለቅስ አደረች ልጄ፤ ግማሽ ብቻ ነው የሰጠኋት» አሉኝ። ከንፈሯን ገልጬ ድዷን ሳይ ቀለሙ ወደ ቡና ሄዷል። ፊቷ አብጧል፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። የተሰጣት ማታ ነው፣ የመጣችው በማግስቱ ከሰዓት ነው። አልተረፈችም። እኚያ እናት ድመቷን እንደ ልጅ ነበር የሚወዷት፤ የሰጧትም ስለወደዷት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዱ ክኒን 500 ሚሊግራም ነው፤ ግማሹ 250። ድመት ደግሞ የምትመዝነው 3 ወይም 4 ኪሎ ነው። የሰው ጉበት ፓራሲታሞልን አጣርቶ የሚያስወግድበት መንገድ አለው። የድመት ጉበት ግን ይህ አቅሙ በጣም ደካማ ነው። የሚቀረው መርዝ ቀይ የደም ሴሎቿን ያበላሻል፤ ደሟ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። ስለዚህ «ሩብ ብሰጣትስ?» አትበሉኝ። ለድመት ደህና የሚባል የፓራሲታሞል መጠን የለም። የሕፃናት ሽሮፑም ያው ነው። ብዙዎቹ የጉንፋን ክኒኖችም ውስጥ አለ። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ደግሞ ጨጓራዋንና ኩላሊቷን ይጎዳሉ። ሰጥታችሁ ከሆነ ምልክት እስኪታይ አትጠብቁ፤ ወዲያው ሐኪም ጋ ውሰዷት። መቼና ስንት እንደሰጣችሁ ሳትፈሩ ተናገሩ። ማርከሻ አለው፤ የሚጠቅመው ግን በጊዜ ከተደረሰ ነው።

ሽንት የዘጋውን ወንድ ድመት ሆድ ድርቀት ነው ብሎ ዘይት መጋት። ድመቱ አሸዋው ላይ ይቀመጣል፣ ያምጣል፣ ይጮኻል፣ ምንም አይወጣውም። ቤተሰቡ «ሆዱ ደርቋል» ይልና ዘይት ወይም የቀለጠ ቅቤ ይግተዋል። ወንድ ድመት የሽንት ቧንቧው በጣም ጠባብ ነው፤ በአሸዋ መሰል ነገር ይደፈናል። ሲደፈን በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ደሙ በመርዝ ይሞላና ልቡ ሊቆም ይችላል። መጀመሪያ አሸዋው ርሶ እንደሆነ እዩ። ካልራሰ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ፈልጉ፣ ለነገ አታሳድሩት። ደግሞ ድመትን በግድ ዘይት መጋት በራሱ አደጋ ነው። ዘይት ሳያስላት ቀስ ብሎ ወደ ሳንባ ይገባል። ለሆድ ድርቀት ስትሰጡ የነበረው ነገር የሳንባ ምች ሆኖ ይመለሳል። ድርቀቱ እውነተኛ ከሆነ ውሃ የበዛበት ምግብና አንድ የሻይ ማንኪያ የተቀቀለ ዱባ፣ ያለ ጨውና ያለ ቅመም፣ ይሻላል።

የወጣ ክር መጎተት። ይህ በተለይ የሐይቅ ዳርና የአሞራ ገደል አካባቢ ሰዎችን ይመለከታል። ድመቶቹ የዓሣውን ትርፍራፊ ሲበሉ የመንጠቆ ናይለን አብረው ይውጣሉ። ክሩ በአፏ ወይም በኋላዋ ብቅ ብሎ ስታዩ እጃችሁ እንዳይነካው። ሌላው ጫፍ ምላሷ ሥር ወይም ጨጓራዋ ውስጥ ተይዞ ሊሆን ይችላል፤ ሲጎተት አንጀቷን እንደ መጋዝ ይቆርጠዋል። እንዳለ ይዛችሁ ኑ።

ለትል ነጭ ሽንኩርት። ለሰው ጥሩ ነው፤ እኔም እበላዋለሁ። ለድመት ግን ነጭም ቀይም ሽንኩርት፣ ጥሬም ሆነ የበሰለ፣ ቀይ የደም ሴሎቿን ይሰባብራል። ጉዳቱ ወዲያው አይታይም፤ ከቀናት በኋላ ድዷ ነጥቶ፣ አቅም አጥታ ታገኟታላችሁ። ኮሶና ፌጦም ይቅርባት። ጅራቷ ሥር የሩዝ ፍሬ የሚመስል ነገር ካያችሁ የኮሶ ትል ነው። ድመቷ አብዛኛውን ጊዜ ይህን የምታገኘው ቁንጫ ስትውጥ ነው። ስለዚህ የትል መድኃኒት ብቻውን አይበቃም፤ ቁንጫው ካልጠፋ ትሉ ይመለሳል። ለቁንጫው ደግሞ የውሻ መድኃኒት አትቀቧት። ፐርሜትሪን ያለበት ድመትን ያንቀጠቅጣል፣ ይገድላልም።

ወተት። ብዙ አዋቂ ድመቶች የወተትን ስኳር መፍጨት አይችሉም። ተቅማጥ ላይ ወተት ሲጨመር ተቅማጡ ይብሳል። በቃ፣ ውሃ ስጧት።

ፍላጅል ከጓዳ አውጥቶ መስጠት። ሐኪም ለድመትም ሊያዘው ይችላል፤ መጠኑ ግን በኪሎ ይሰላል። ሲበዛ ነርቭ ይጎዳል።

«ሆዷ ይረፍ» ብሎ ማስራብ። ካስመለሳት በኋላ ለጥቂት ሰዓት ማሳረፍ ችግር የለውም። ቀን ሙሉና ከዚያ በላይ ግን ፈጽሞ አይሆንም። ድመት፣ በተለይ ወፍራሟ፣ ለተወሰኑ ቀናት ሳትበላ ከቆየች ስቧ ጉበቷ ላይ ይከማችና ሌላ ከባድ በሽታ ይሆናል። ግልገል ከሆነች ለሰዓታት እንኳ አታስርቧት። እግረ መንገዴን ስለ ጾም ላንሳ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ቤቱ ሥጋ ስለሌለው ድመቷም ሽሮ ፍትፍት ይሰጣታል። ድመት ያለ ሥጋ ወይም ዓሣ መኖር አትችልም፤ ሽሮው ደግሞ ሽንኩርት አለበት። ከዚያ ፋሲካ ይመጣና በአንድ ቀን ቅባት፣ የዶሮ ወጥና አጥንት ይወርድባታል። በበዓሉ ማግስት ስልኬ የማያርፈው ለዚህ ነው። በጾሙ የተቀቀለ ዓሣ አጥንቱን አውጥታችሁ ስጧት፤ በበዓሉ ደግሞ ከበሰለ የዶሮ አጥንት ጠብቋት።

ምራቅ የምታዝረከርክ ድመትን አፍ መክፈት። አንድ ነገር አንቋት ነው ብላችሁ እጃችሁን አታስገቡ። መዋጥ ካቃታት፣ ድምፅዋ ከተለወጠ ወይም ድንገት ተናካሽ ከሆነች የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ድመትም ይይዛታል። ከነከሰቻችሁ ወይም ከቧጨረቻችሁ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ እጠቡና የዚያኑ ቀን ጤና ተቋም ሂዱ።

እና ቤት ውስጥ ምን ይደረግ? ድመቷ ንቁ ከሆነች፣ ውሃ ከጠጣችና ተቅማጡ ደም ከሌለበት፣ የዶሮ ሥጋ ቆዳውን ገፍፋችሁ በውሃ ብቻ ቀቅሉ። ጨው የለም፣ በርበሬ የለም፣ ሽንኩርት የለም። በቀን አራት አምስት ጊዜ ትንሽ ትንሽ ስጧት። ሲሻላት ወደ ቀድሞ ምግቧ ቀስ በቀስ መልሷት። በአንድ ቀን ካልተሻላት፣ ደጋግሞ ካስመለሳት፣ ደም ካያችሁ ወይም የትከሻዋ ቆዳ ሲቆነጠጥ ቶሎ ካልተመለሰ የቤት ሙከራው ይቁም። ስትመጡ ከሰገራዋ ትንሽ በላስቲክ ቋጥራችሁ፣ የሰጣችኋትን ነገር ማሸጊያ ሳትጥሉ ይዛችሁ ኑ።