«እናትሽ አረብ አገር ሄዳለች»፦ ሐዘን በገባበት ቤት ከልጆች ጋር የምንሳሳታቸው ነገሮች

እናቴ ስትሞት ሰባት ዓመቴ ነበር። ማለዳ የእድሩ ጡሩንባ ከመነፋቱ በፊት አክስቴ ቀስቅሳኝ፣ ሹራብ ደራርባ አልብሳኝ፣ ሁለት ቤት አልፎ ካለ ጎረቤት ወሰደችኝ። እዚያ በአዘቦት ቀን ፓስታ ተሠራልኝ። የቤቱ ልጆች አሻንጉሊታቸውን ሳልጠይቃቸው ሰጡኝ። ከአጥሩ ማዶ የድንኳን ካስማ ሲመታ ይሰማኛል። «የማን ድንኳን ነው?» ብል «የሰርግ ነው» ተባልኩ። ማታ እናቴን ስጠይቅ ደግሞ «አረብ አገር ሄዳለች፤ ስትመጣ ብዙ ልብስ ታመጣልሻለች» አሉኝ።

ሁለት ዓመት ያህል ጠበቅኋት። አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ግቢ ወጥቼ እጄን አውለበልብ ነበር። እውነቱን የነገረኝም አዋቂ ሰው አይደለም፤ ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ገመድ ስንዘል የተጣላችኝ ልጅ ናት። «አንቺ እናትሽ የሞተችብሽ!» አለችኝ። ያን ቀን ከእናቴ ሞት በላይ ያቃጠለኝ፣ ሰፈሩ በሙሉ የሚያውቀውን እኔ ብቻ አለማወቄ ነበር።

ዛሬ መምህርት ነኝ። አንደኛ ደረጃ ሳስተምር 19 ዓመቴ ነው፤ እናቱ ወይም አባቱ የሞተበት ልጅ ክፍሌ ውስጥ ያልነበረበት ዓመት ትዝ አይለኝም። እኛ ለቅሶ እናውቃለን። እድሩ ድንኳኑንና ወንበሩን ይዞ ይደርሳል፣ ጎረቤት ንፍሮ ይቀቅላል፣ ሐዘንተኛ ብቻውን አያድርም። ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ነገር ግን ድንኳኑ ሲተከል ለአዋቂ ነው የሚተከለው፤ ልጁ ፍራሽ ላይ ቦታ የለውም። ከዚህ በታች የማነሣቸውን ስህተቶች የሚሠሩት ክፉ ሰዎች አይደሉም። እንደ አክስቴ ልጁን ከልባቸው የሚወዱ ሰዎች ናቸው።

ሞትን በሌላ ቃል መሸፈን

«ሩቅ አገር ሄዷል» የተባለ ልጅ ይጠብቃል። ጥበቃው ሲረዝም ደግሞ «ለምን አልደወለችም? አትወደኝም ማለት ነው» ማለት ይጀምራል። እናቱ የሞተችበት ልጅ ሳለ እናቱ የጣለችው ልጅ ሆኖ ያድጋል። እናቶች በእውነት ወደ ቤሩት፣ ወደ ሪያድ፣ ወደ ዱባይ ለሥራ በሚሄዱበት አገር ይህ ውሸት ሌላም ጉዳት አለው፤ የጎረቤቱ ልጅ እናት ከአረብ አገር ስትመለስ ያያል፣ የእሱ ግን አትመጣም።

«ተኝቷል» የተባለ ልጅ መተኛት ይፈራል። «እግዚአብሔር ስለወደዳት ወሰዳት» የተባለውስ? አንዲት ተማሪዬ ይህ ከተነገራት በኋላ ቤተ ክርስቲያን አልገባም ብላ አስቸገረች። እግዚአብሔር እንዳይወዳት ፈርታ ነበር።

«ሞተ» የሚለው ቃል ለጆሮ ይከብዳል፤ ለልጅ ግን ከሌሎቹ ሁሉ ይሻላል። እንዲህ ማለት ይቻላል፦ «አባዬ ሞተ። ሞተ ማለት ሰውነቱ መሥራት አቆመ ማለት ነው። አይተነፍስም፣ አይርበውም፣ አይበርደውም፣ አያመውም። ተመልሶ አይመጣም። እኔ ግን እዚህ አለሁ።» ስለ ነፍስ፣ ስለ ገነት፣ ስለ ጀነት ቤተሰቡ የሚያምነውን ከዚህ በኋላ መንገር መልካም ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን ይጠበቅ። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ሞት የማይመለስ ነገር መሆኑ ስለማይገባው፣ በማግሥቱ «አባዬ መቼ ነው የሚመጣው?» ብሎ ይጠይቃል። በሳምንቱም ይጠይቃል። አልሰማ ብሎ አይደለም። ያንኑ መልስ በዚያው ለስላሳ ድምፅ መድገም ነው።

የአሟሟቱን ምክንያትም ቢሆን መደበቅ ብዙ አያዋጣም። በ1990ዎቹ ኤችአይቪ ቤት ለቤት ሲገባ ወላጆቻቸው በምን እንደሞቱ ሳይነገራቸው ያደጉ ብዙዎች ዛሬ ራሳቸው ወላጅ ሆነዋል፤ ያ ዝምታ ምን እንደሚያደርግ ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ዝርዝሩ እንደ ዕድሜው ይመጠናል፤ የሚነገረው ግን እውነት ይሁን።

«አርባው እስኪወጣ አይነገረው»

መርዶን ማዘግየት የቆየ ልማዳችን ነው፤ በተለይ ውጭ አገር ላለ ዘመድ። ሰው አሰባስቦ፣ በማለዳ በር አንኳኩቶ፣ ደግፎ መንገር ለአዋቂ ጥሩ ነበር። አሁን ግን ቀብሩ ሳይፈጸም «ነፍስ ይማር» የሚል ጽሑፍ ከነፎቶው ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ ይወጣል። ዋሽንግተን ያለች የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ የአያቷን ሞት ከስልኳ ከምታነብ ከእናቷ አፍ ብትሰማው ይሻላል። ልጁ በመጀመሪያው ቀን፣ በሚያምነው ሰው፣ በሚያውቀው ክፍል ውስጥ ይነገረው። ወሬ ከአዋቂ ይልቅ ፈጣን እግር አለው።

ከቀብሩ ማራቅ፣ ወይም በግድ መውሰድ

ልጁ ስድስት ሰባት ዓመት ከሞላው «መምጣት ትፈልጋለህ?» ተብሎ ሊጠየቅ ይገባል። ሁለቱም መልስ ትክክል ነው። ከተስማማ ግን ሳይዘጋጅ አይሂድ። የእኛ ቀብር ለልጅ ዓይን ከባድ ነው፤ ደረት የሚመታ፣ ሙሾ የሚያወርድ፣ መሬት ላይ የሚወድቅ ሰው ያያል። «ትልልቅ ሰዎች ጮክ ብለው ያለቅሳሉ፤ በጣም ስለሚወዷት ነው። ሣጥኑን ጉድጓድ ውስጥ ያስገቡታል፣ አፈር ይመልሱበታል። እማዬ አይሰማትም፣ አያማትም» ብሎ አስቀድሞ መንገር ያሻል። በእስልምና ቤት ደግሞ ስለ ከፈኑና ስለ ሶላቱ ይነገረው። ከዚያ የሐዘኑ ዋና ባለቤት ያልሆነ፣ እንባውን መግታት የሚችል አንድ ሰው ለልጁ ብቻ ይመደብለት። ልጁ «ይበቃኛል» ባለ ሰዓት ይዞት የሚወጣ ሰው ማለቴ ነው። ቀብራችን ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ስለሚሆን ጊዜው አጭር ነው፤ ለዚህ ግን አሥር ደቂቃ ይበቃል።

አስከሬን ሳይገኝ ሲቀርስ? መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ቢሾፍቱ አጠገብ ወድቆ 157 ሰዎች ሲያልቁ፣ በሳምንቱ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የተሸኙት የ17 ኢትዮጵያውያን ሣጥኖች ባዶ ነበሩ። ቤተሰቦች ለመቅበሪያ የተሰጣቸው ከአደጋው ቦታ የመጣ አፈር ነው። በጦርነት ወይም በስደት መንገድ ላይ ሰው የጠፋበት ቤትም ያው ነው። እንዲህ ያለ ሐዘን መቋጫ ስለሚያጣ ብዙዎች ምንም ሳያደርጉ ይተዉታል። ሞቱ ከተረጋገጠ ግን ልጁ የሚሰናበትበት ነገር ያስፈልገዋል፤ ሻማ ማብራት፣ ደብዳቤ ጽፎ መቅበር፣ ችግኝ መትከልም ቢሆን።

«ከእንግዲህ አባወራው አንተ ነህ»

ይህን ዐረፍተ ነገር ለቅሶ ቤት ያልሰማ የለም። በአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ትከሻ ላይ እጁን አሳርፎ «በርታ፣ እናትህን አደራ፣ ወንድ ልጅ አያለቅስም» የሚል አንድ ሽማግሌ አይጠፋም። ለማበረታታት ነው። ልጁ ግን በዚያች ደቂቃ አባቱንም ልጅነቱንም አብሮ ይቀብራል። ለሴት ልጅ ደግሞ «ለታናናሾችሽ እናት ሁኚ» ይባላል፤ በማግሥቱ ጓዳ ትገባለች፣ በወሩ ከትምህርት ቤት መቅረት ትጀምራለች። እባካችሁ ሌላ ነገር በሉ፦ «አይዞህ፣ አንተ ልጅ ነህ። ቤቱን የምናስበው እኛ ነን።»

ሲጫወት አይቶ «አልገባውም» ማለት

ልጅ እንደ አዋቂ ሦስት ቀን ሙሉ ፍራሽ ላይ አይቀመጥም። አልቅሶ ይወጣና ኳስ ይመታል፣ ተመልሶ ያለቅሳል። በጨዋታው መሀል «ለቅሶ ለቅሶ» የሚጫወቱ ልጆች አይቻለሁ፤ ሬሳ የሚሆን፣ ነጠላ የሚያዘቀዝቅ፣ የሚያስለቅስ ተመዳድበው። «ክፉ አታሟርቱ» ተብለው ተገረፉ። እያሟረቱ አልነበረም፤ ያዩትን ነገር በእጃቸው እየዳሰሱ ነበር። ሐዘኑ ከእንባ ይልቅ በሆድ ቁርጠት፣ በአልጋ ማርጠብ፣ በቁጣ፣ በውጤት መውረድ ሊወጣም ይችላል። እንዲህ ያለውን ልጅ «ባለጌ ሆነ» ብሎ መቅጣት በቁስል ላይ ጨው መነስነስ ነው።

ያልጠየቀውን ጥያቄ አለመመለስ

ቀስ ብዬ ላወራው የምፈልገው ይህን ነው።

ሁለተኛ ክፍል ሳስተምር አንድ ልጅ እናቱ ከሞተች በኋላ መናገር አቆመ። ስጠራው ይነሣል፣ ግን አይመልስም። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት እርሳስ እየቀረጽኩለት አጠገቤ ቆሞ ሳለ፣ ድንገት በሹክሹክታ «ቲቸር፣ እርሳሱን እኔ ነኝ የወሰድኩት» አለኝ። የትኛውን እርሳስ እንደሆነ አላወቅሁም። ቆይቶ ገባኝ። እናቱ ከመሞቷ በፊት የጓደኛው እርሳስ ጠፍቶ ስጠይቀው «እናቴ ትሙት አልወሰድኩም!» ብሎ ምሎልኝ ነበር።

ሁላችንም በዚህ መሐላ ነው ያደግነው። «እማዬን!» «አባቴ ይሙት!» እንላለን። ልጁ በውሸት ማለ፤ እናቱ ሞተች። በእሱ ስሌት እናቱን የገደላት እሱ ነው። ይህን ለማንም ሳይናገር አራት ወር ተሸክሞት ኖረ።

ትንንሽ ልጆች ሐሳባቸውና ቃላቸው ነገርን የሚያደርግ ይመስላቸዋል። «ሂጂ፣ አልወድሽም» ያለ፣ ውኃ አምጣ ተብሎ እምቢ ያለ፣ ሲታመሙ በጩኸት የረበሸ ሁሉ ጥፋቱን ለራሱ ይወስዳል። አይጠይቃችሁም፤ ቢጠይቅ ጥፋቱ የሚታወቅበት ይመስለዋል። ስለዚህ ሳይጠይቅ ንገሩት፦ «እናትህ የሞተችው ደም ፈሷት ነው። አንተ ያልከው፣ ያሰብከው፣ የማልከው ምንም ነገር አልገደላትም። ቃል ሰው አይገድልም።» ያንን ልጅ ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ ይህንኑ ነገርኩት። ወዲያው አላወራም። ግን አለቀሰ፤ እናቱ ከሞተች በኋላ ክፍል ውስጥ ሲያለቅስ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር።

ድንኳኑ ሲነሣ አብሮ መነሣት

በሰልስቱ ድንኳኑ ይነሣል፣ አርባው ይወጣል፣ ከዚያ በር የሚያንኳኳ ይጠፋል። ለቤቱ ክፉው ጊዜ የሚጀምረው ያኔ ነው፤ የኪራዩ ቀን ሲደርስ፣ መስከረም ላይ ደብተር ሲገዛ፣ በእንቁጣጣሽ ጠዋት አንድ ወንበር ባዶ ሲሆን። መርዳት የምትፈልጉ «የሚያስፈልግሽን ንገሪኝ» አትበሉ፤ ሐዘንተኛ አይናገርም። «ቅዳሜ ልጆቹን እኔ ወስጄ አውላቸዋለሁ» በሉ። ወንድምና እህትን ለየዘመዱ ማከፋፈል ግን የመጨረሻው አማራጭ ይሁን፤ እናት ያጣ ልጅ በዚያው ሳምንት ወንድሙንም ያጣልና። ትምህርት ቤቱም ይነገረው፤ እኛ መምህራን ብዙ ጊዜ የምንሰማው ልጁ ፈተና ከወደቀ በኋላ ነው።

ፎቶውን ከግድግዳ ማውረድ፣ ስሙን አለማንሣት፣ ልብሱን በሙሉ መስጠትም አያስረሳም። አንድ ነገር ለልጁ ይቅር፤ መርጦ ይውሰድ።

የተወለደ ሕፃን ለሞተባት እናት «እንኳን አንቺ ተረፍሽ፣ ሌላ ትወልጃለሽ» ማለትን በዚሁ ላስቆማችሁ። እሷ የምትፈልገው ያንን ልጅ ነው። ቤት ውስጥ ታናሽ ወንድሙን ሲጠብቅ የከረመ ትልቅ ልጅ ካለ እሱም ሐዘንተኛ ነው፤ ለእሱም ይነገረው።

ሐኪም ማማከርን እንደ ነውር መቁጠር

ብዙ ልጆች እውነት ከተነገራቸውና አንድ የሚደገፉበት አዋቂ ካላቸው ያለ ሐኪም ይጸናሉ። ነገር ግን ስድስት ወር አልፎም ናፍቆቱ ከምግብ፣ ከእንቅልፍ፣ ከጨዋታ፣ ከትምህርት ሙሉ በሙሉ ከለየው የባለሙያ እርዳታ ያስፈልገዋል። «እኔም መሞት እፈልጋለሁ» ካለ ደግሞ አንድ ቀንም አይጠበቅ፤ ትርጉሙ «እማዬን ላያት» ቢሆንም በዚያው ቀን ይጠየቅ፣ ይታይ። በአቅራቢያ ካለ ጤና ጣቢያ መጀመር ይቻላል፤ አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤል ሆስፒታል አለ። ጸበሉም ዱዓውም ይቀጥል፤ ከሕክምናው ጋር አይጣሉም።

«አንዴ ዋሽተናል፣ አሁንማ አልፏል» ማለት

ይህን እያነበባችሁ ለልጃችሁ «ሩቅ አገር ሄዷል» ብላችሁ ከነበረ አልረፈደም። ሌላ ሰው ሳይቀድማችሁ አስቀምጣችሁ ንገሩት። ውሸቱንም አታልፉት፤ «ያኔ አረብ አገር ሄደች ያልኩህ እውነት አልነበረም። እንዴት እንደምነግርህ አላወቅሁም ነበር። ይቅርታ» በሉት። ሊቆጣ ይችላል፤ ይቆጣ።

አክስቴ ይህን ያደረገችው እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ሲሆነኝ ነው። ቡና እያፈላች፣ ረከቦቱ ላይ ዓይኗን ተክላ፣ ያን ማለዳ ከመጀመሪያው ነገረችኝ፤ እናቴ ሌሊት ስንት ሰዓት እንዳረፈች፣ ማን ዓይኗን እንደከደነላት፣ መጨረሻ የጠራችው ስም የእኔ እንደነበረ። ሹራቡን የደራረበችልኝ ብርድ ስለነበር አልነበረም፤ እጇ ሲንቀጠቀጥ እንዳላይባት ሥራ እየፈለገችለት ነበር።