ስቴክ በፓስታ፦ ባሕር ዳር ላይ የሚበላሽባቸው ምክንያቶች

ስቴኩ እንደ ጠፍር ጠንክሮ፣ ፓስታው መሃሉ ጥሬ ሆኖ ሲቀርብ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የእጅ አይደለም። አብዛኛው የአሠራር መመሪያ የተጻፈው ታርዶ ለሰነበተ ሥጋና ለቆላ ውኃ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት በዕለቱ የታረደ ሥጋ መጥበስ ነው። ትኩስነት ለጥሬ ሥጋ ክብር ነው፤ ለስቴክ ግን ዕዳ። ከብት ከታረደ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ጡንቻው ይገተራል፣ የሚለሰልሰውም በቅዝቃዜ ሲሰነብት ነው። ለእሑድ እራት ሐሙስ ይግዙ (ዓርብ ጾም ነው)፤ ላላ አድርገው ሸፍነው ከ4 ዲግሪ በማይበልጥ ፍሪጅ 3 ቀን ያቆዩት። መብራት የሚጠፋፋበት ሳምንት ከሆነ ይህን አይሞክሩ። ያኔ ጭቅና ገዝተው በዚያው ቀን ይሥሩ፤ ሳይቆይም ይታኘካል።

ብልት ሳይመርጡ መግዛትም አለ። ጭቅና ወይም ሽንጥ ይጠይቁ፤ ፍሪምባና ወርች የወጥ ናቸው። ለአንድ ሰው 200 ግራም፣ ውፍረቱ 2.5 ሳንቲ ሜትር፣ አቆራረጡ ክሩን አቋርጦ ይሁን። ለጥብስ እንደሚከተፈው ከሳሳ ላዩ ሳይቀላ ውስጡ ይደርቃል።

ነበልባል ላይ አይጣዱት። ከሰሉ ነጭ አመድ እስኪለብስ ይጠብቁና ፍሙን ወደ አንድ ጎን ይሰብስቡ። ሥጋውን አድርቀው ዘይትና ጨው ብቻ ይቀቡት። በርበሬ ቀድሞ ከገባ አርሮ ይመራል፤ ቅቤ ደግሞ ፍሙ ላይ እየተንጠባጠበ እሳት ያስነሳል። እያንዳንዱን ጎን 3 ደቂቃ ያህል ፍሙ ላይ፣ ከዚያ ፍም ወደሌለበት ጎን። የክረምት ዝናብ ቢመጣም ማንደጃውን ቤት አያስገቡ፦ ከሰል የሚያወጣው የማይታይና የማይሸት ጋዝ ይገድላል።

መሃሉን ቀይ መተው እዚህ አያዋጣም። የኮሶ እጭ የሚቀመጠው ሥጋው ውስጥ ስለሆነ የላዩ መጠበስ አይነካውም። መሃሉ 63 ዲግሪ ከደረሰ በኋላ ቢያንስ 3 ደቂቃ ይረፍ። ቴርሞሜትር ከሌለ ወፍራሙን ቦታ ቆርጠው ይዩ፤ ቀይ ካለ ይመለስ።

ወደ ፓስታው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። እሳት ቢጨምሩ ውኃው ቶሎ ያልቃል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። ፓኮው 9 ደቂቃ ካለ በ9ኛው መቅመስ ይጀምሩ፤ ሁለት ሦስት ደቂቃ መጨመሩ አይቀርም። ለ500 ግራም 5 ሊትር ውኃና 50 ግራም ጨው ይበቃል። ውኃው ውስጥ ዘይት መጨመርና የበሰለውን በቀዝቃዛ ውኃ ማጠብ የብዙ ቤት ልማድ ነው፤ ሁለቱም ስጎው ፓስታውን እንዳይዝ ያደርጋሉ። ይልቅ ከመቀቀያው ውኃ አንድ ስኒ አስቀርተው ስጎው ላይ ይጨምሩ።

ቅደም ተከተሉንም አያዛቡ፦ ከሁሉ ቀድሞ የሚጣደው ውኃው ነው፣ 5 ሊትር ለመፍላት ጊዜ ይፈጃል። ስቴኩ ፍም ላይ የሚወጣው ፓስታው ውኃ ውስጥ ሲገባ ነው፤ ፓስታው በስጎ እስኪታሽ ሥጋው ያርፋል።